በመሪው ላይ የአባቴ ድርሻ

«መኪናዋን አንሸጣትም።»

እናቴ ይህን ያለችው ዛሬ ጠዋት ፊቷን እየታጠበች፣ ወደኔ እንኳ ሳትዞር ነው። ጆሮዬን ማመን አቅቶኝ «ምን አልሽ እማዬ?» አልኳት። «ሰምተሻል» አለችኝ። አዎ፣ ሰምቻለሁ! ቁርስም አላሰኘኝም፤ ደብተሬን ይዤ ይህን ልጽፍ ተቀመጥኩ። ድሮ አንድ ገጽ ለመሙላት ቀኑን ሙሉ የምጨነቅ ልጅ ነበርኩ። አሁን እጄ አልቆም ብሏል።

መኪናዋ የአባቴ ናት። ነጭ ፒክአፕ፣ ነጭነቷን የኮንጋ መንደር ቀይ አፈር የበላባት። በቡና ለቀማ ወራት እሸት ቡናውን ከየገበሬው ደጅ እየጫነ ወደ ማጠቢያው ያደርስባት ነበር። ባለፈው ክረምት ታሞ ካረፈ ወዲህ፣ ዲላ ግቢያችን ውስጥ አቮካዶው ሥር ቆማ ቀረች።

መሪዋ የላላ ነበር። መዳፍ የሚያህል ወደ ግራም ወደ ቀኝም ብታዞሩት ጎማዎቹ አይሰሙም። ትንሽ ሆኜ አጠገቡ ስቀመጥ፣ አባቴ እየነዳ ያቺን ባዶ ቦታ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ወዲያ ወዲህ ያደርጋታል። ከሥር «ጓ… ጓ…» ይላል። «ለምንድን ነው የምታወዛውዘው?» ስለው፣ «ይቺ የእኔ ድርሻ ናት። ከዚች ወዲያ ያለው የመኪናዋ ነው» ይለኝ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ያ ድምፅ አልጠፋም። እውነቴን ነው። ማምሻ ላይ ግቢው ጸጥ ሲል ከአቮካዶው ሥር «ጓ» ይላል። እናቴ «በኢየሱስ ስም!» ብላ ሥራዋን ትቀጥላለች። እኔ በመስኮት አያለሁ። ጋቢናው ውስጥ ማንም የለም። አቮካዶ ወድቆ ነው እንዳልል፣ ዛፉ ላይ ያኔ አንድም ፍሬ አልነበረም።

አንድ ቀን አጎቴ እናቴንና እኔን ይዞ ወደ ኮንጋ ነዳት። አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ዲላ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል፣ ሲበላሽም ራሱ ይጠግናል። ቁልቁለቱ ላይ፣ አባቴ ሁልጊዜ ቆሞ ሰው ያሳፍርበት የነበረ ኩርባ አለ። እዚያ ስንደርስ መኪናዋ በራሷ ወደ ዳር ሄደች። አጎቴ መሪውን መለሰው፤ አልሰማ አለችው። የፊት ጎማዋ ቦዩ አፍ ላይ ሲደርስ ነው የቆመችው። እናቴ ወርዳ በእግሯ ሄደች። ስንደርስባት «እሱ ነው የጎተታት» አለች። በዚያው ሳምንት ገዢ አገኘች፤ ቅዳሜ መጥቶ ሊወስዳት ተስማሙ።

«እትዬ፣ የላላ ነገር እኮ ነው፤ ይሠራል። እዚሁ ቤት እሠራዋለሁ» አላት አጎቴ።

«ሦስት ጎማ የለመደ ሰው አራተኛውን ምን ያውቀዋል?»

«እስከ ቅዳሜ ስጪኝ ብቻ።»

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጀመርን። አጎቴ መጀመሪያ የመሪው ሳጥን ላይ ያለችውን ማስተካከያ ቡሎን አጠበቃት። መሪው ከበደ። ካዞሩትም በኋላ አልመለስ አለ፤ ከወዲያ በኩል ሰው የያዘው ነበር የሚመስለው። ሁለታችንም እጃችንን አነሳን።

«አባትሽ ተቆጣ» አለ አጎቴ ሊያስቀኝ። አልሳቅሁም። እሱም አልሳቀም።

ቡሎኗን ወደነበረችበት መለሳትና፣ «ከዚህ አይደለም፣ ከሥር ነው። አንድ ሰው መሪውን ያወዛውዝ፤ አንቺ ቀጭኗ ግቢና በእጅሽ ስሚ። እኔ መብራት እይዛለሁ። እትዬ! ነይ እስቲ!» አለ።

እናቴ እምቢ አለች። ትንሽ ቆይታ ግን እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። የአባቴ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ያኔ የመጀመሪያዋ ነበር። እኔ ከሥር ጆንያ ላይ በጀርባዬ ተኝቻለሁ። መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ጫፍ ላይ እጄን አሳረፍኩ።

ጓ… ጓ…

መዳፌ ውስጥ የሆነ ነገር መታ። የምታወዛውዘው እናቴ መሆኗን አውቃለሁ። አካሄዱ ግን የአባቴ ነበር፤ ወዲህ፣ ወዲህ፣ ቆም፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወዲያ። 

«እማዬ፣ እንደዚህ ማወዛወዝ ማን አስተማረሽ?»

«እንዴት አድርጌ?» አለችኝ። አልታወቃትም።

ያ ጫፍ በጎማ ላስቲክ ተጠቅልሏል። እኛ አገር በላስቲክ የማይታሰር ነገር የለም፤ የተሰነጠቀ የመጥረቢያ እጀታም ይሁን የሚያፈስ ቱቦ፣ ከአሮጌ ጎማ ቆርጦ ማሰር ነው። አባቴም የተበላውን ጫፍ በመቀየር ፈንታ፣ በየለቀማው አዲስ ላስቲክ ሲደርብበት ኖሯል። እንደ እንሰት ግንድ ተደራርቧል። በየመሃሉ ቀይ አፈር አለ።

አጎቴ ቢላ አወጣ።

«እንዳትቆርጠው!» አለች እናቴ። ወርዳ ተንበረከከችና ክንዷን ከሥር አስገባች። ቋጠሮው የጆንያ አፍ የሚታሰርበት ቋጠሮ ነበር። እሷና አባቴ የተዋወቁት ቡና በጆንያ እየሞሉ ሲያስሩ ነው። ሳታይ፣ ፊቷን ወደ አቮካዶው አዙራ ፈታችው። ላስቲኩ እየተፈታ ሲወርድ የግራሶና የቡና ገለፈት ሽታ ወጣ።  

አርብ አጎቴ አዲሱን ጫፍ ገዝቶ መጣ። ክሪኩን ብቻ ስላላመንነው ወፍራም ግንድ ደገፍንበት። አሮጌው ከመፈታቱ በፊት፣ አዲሱ እዚያው ልክ ላይ እንዲቆም ዘንጉን በቀይ የጥፍር ቀለሜ ምልክት አደረግኩበት። «ጸሐፊዋ መኪናዋን ልትድራት ነው» ብሎ አጎቴ አሾፈብኝ። ዳዶውን አጠበቅን፣ እንዳይፈታ የሚይዘውን ቀጭን ሽቦ አጠፍን። ከዚያ ጎማዎቹ ቀጥ ማለታቸው እንዲለካ ቀስ እያለ ጋራዥ ወስዶ መለሳት።

ማምሻውን እናቴ ሳትጠራ መጥታ ገባች። መሪውን ነካ አደረገችው፤ ጎማው ወዲያው ተንቀሳቀሰ። ደግሞ ትንሽ፣ ከዚያም ያነሰች ሞከረች። የአባቴን ድርሻ ፍለጋ ላይ ነበረች።

«ቦታዋ የለችም» አለች።

ያን ጊዜ እኔም ፈራሁ። ልንጠግናት ብለን እሱን አስወጣነው ማለት ነው? እናቴ እጇን መሪው ላይ እንዳደረገች ብዙ ቆየች። 

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ፊቷን ታጥባ ስትጨርስ «ለምን ሐሳብሽን ቀየርሽ?» አልኳት።

«እሱ አይደለም የጎተታት» አለች። «እሱማ እየደረበ እየደረበ ይዟት ነበር።» ከዚያ ለገዢው ደውላ እንዳይመጣ ነገረችው።

ላስቲኮቹን አልጣለቻቸውም። አጥባ ለዘንድሮ ጆንያ ማሰሪያ አጥሩ ላይ አስጥታቸዋለች። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ትናንት እናቴ ከጋቢናው ወጥታ ወደ ቤት ከገባን በኋላ፣ ከአቮካዶው ሥር «ጓ» አለ። አዲሱ ጫፍ ድምፅ የለውም። እናቴም ሰምታለች። «በኢየሱስ ስም» ግን አላለችም። በሩን እየዘጋች፣ ቀስ ብላ፣ «ደህና እደር» አለች።

ሰኞ ጠዋት ወደ ኮንጋ እንወርዳለን። እዚያ ኩርባ ላይ ከቆማችሁ እጃችሁን አንሱ፤ አጎቴ እንዲቆም ነግሬዋለሁ። ከኋላ ጆንያዎቹ ላይ ቦታ አለ። ኑ፣ አብረን እንውረድ።