በሰርግ ቀን የተዘጋ ውሃ

የመጀመሪያ ቀን ኦቦ ቶለሳ ከነቀምቴ በላይ ወዳለው የውሃ ማጠራቀሚያ ይዘውኝ ወጡ። እሳቸው ጡረታ ሊወጡ ነበር፤ በቦታቸው የተቀጠርኩት የመስመር ሠራተኛ እኔ ነኝ። ረጅሙን የቫልቭ ቁልፍ አቀበሉኝና፣ «ቀስ እያልክ ክፈት። በድንገት የለቀቅከው ውሃ ቧንቧ ይሰብራል» አሉኝ። ከዚያ ቁልቁለቱን ወረዱ። እኔ ከማጠራቀሚያው አጠገብ ባለችው የቆርቆሮ ቤት ቀረሁ።

ሥራዬ ውሃውን በፈረቃ ለየሰፈሩ ማዳረስ ነበር። ውሃ የደረሰው ሰው አይደውልም፤ የሚደውልልኝ የጠፋበት ብቻ ነው።

ወላጆቼ ከወሎ መጥተው ጊዳ አያና የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው። መንገዱ አስጊ ከሆነ ወዲህ ለበዓል እንኳ መሄድ ቀረ። የእኔ የምላቸው ሰው ከማጠራቀሚያው አጥር ሥር የሚኖሩት አዴ ጫልቱ ብቻ ነበሩ። «ኮቱ! ና ልጄ፣ ጭኮ ቅመስ» እያሉ በአጥሩ ይጠሩኛል።

ከተማው ዳገቱን እየወጣ ሄደ። ከአሮጌው መስመር በላይ ቤቶች ተሠሩ፤ የሽንት ቤት ጉድጓዶችም ተቆፈሩ። አንድ ክረምት ጉድጓዶቹ ሞልተው ፍሳሹ ወረደ። ተከትዬው ስሄድ ዋናው ቧንቧ የተሰነጠቀበት ቦታ ላይ አቁሮ አገኘሁት። ውሃ እያለ ስንጥቁ ወደ ውጭ ያፈሳል። ፈረቃው ሲያልቅ ግን ባዶው ቧንቧ ፍሳሹን ወደ ውስጥ ይስባል።

ለአለቃዬ ደወልኩ። «ዝጋው፤ ጥገና እልካለሁ። ለሰፈሩ ሰው ግን አንተው ንገራቸው» አሉኝ። ዘጋሁት።

በማግስቱ የአዴ ጫልቱ ልጅ ሰርግ ነበር። አዴ ማለዳ ዳገቱን ወጥተው መጡ።

«ለዛሬ ብቻ ክፈትልኝ። እንግዳ በምን ላስታጥብ?»

«አዴ፣ ፍሳሽ ገብቶበታል። ሰው ይታመማል።»

«ትናንት የቀዳሁት እኮ ኩልል ያለ ነው!»

«እሱንም ይድፉት። በዓይን አይታይም።»

«እኔ እንደ ልጄ ነበር የማይህ» አሉና ወረዱ።

ባጃጆች ከሌላ ሰፈር በጀሪካን ውሃ ሲያመላልሱላቸው ዋሉ። እኔን የጠራኝ የለም። ዘፈኑ እስከ ላይ ይሰማ ስለነበር፣ በሩ ላይ ቁጭ ብዬ ሳዳምጥ ዋልኩ።

የጥገና ሠራተኞች መጥተው የተሰነጠቀውን ቆርጠው አዲስ ቧንቧ ቀጠሉ። መስመሩን በክሎሪን አጥበን ከፈትን። በሰፈሩ የታመመ አልነበረም፤ ስለዚህም ብዙዎች በከንቱ የዘጋሁት መሰላቸው። አዴ ጫልቱ ሰላምታ አልነፈጉኝም፤ «አካም» ብለውኝ ያልፋሉ። ጭኮ ቅመስ ያሉኝ ቀን ግን ከዚያ ወዲህ የለም።

አሁን አዲስ ሠራተኞችን አሠለጥናለሁ። መስመሩ ካጠራጠራችሁ ዝጉ እላቸዋለሁ። ሰው ይቀየማችኋል፤ ቅያሜውም ላይለቀው ይችላል። ያም ሆኖ ዝጉ።