ሲመሽ የሚጣሩት ጋሼ ነስሩ

የሦስት ግራሩ ጋሼ ነስሩ ማረፋቸውን የነገረችኝ ታላቅ እህቴ አስካለ ናት። ስልኩን አንስቼ ነገሩን ገና ሳትጨርሰው ቡታጅራ ባለው ቤቴ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸውን ለምታውቁ ሁሉ፣ በተለይም በየከተማው ለተበተናችሁ የሦስት ግራር ልጆች፣ ይህን የምጽፈው እንዴት እንዳወቅኋቸው ልነግራችሁ ነው። አስቀድማችሁ እወቁልኝ፤ እኔ ፈሪ ሰው ነኝ። «ፈሪ ለናቱ» የሚለው ተረት ለእኔ የወጣ እስኪመስለኝ ድረስ ፈሪ ነኝ።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ሊያበቃ የተቃረበበት ነበር። በጉመር ብርድ መሬት የጠበባቸው፣ በመስቃን የሰው መሬት ማረስ የመረራቸው ጥቂት ቤተሰቦች ከቆሼ በታች ያለውን ጫካ መንጥረው በርበሬና በቆሎ ይዘሩ ጀመር። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ነበረበት። ቦታውን በዛፎቹ ስም ሦስት ግራር አሉት። የአስካለ ባል ተክሌ ከእነሱ አንዱ ነው። እናቴ «ልጄን ለወባ ዳርኳት» እያለች ስታለቅስ ከርማ፣ የአስካለን መውለድ ስትሰማ «ሂጂና ከነልጇ ይዘሻት ነይ» ብላ ላከችኝ። በእኛ ቤት ቆላ መውረድና መቃብር መውረድ ብዙም አይለያዩም ነበር።

እስከ እንሴኖ በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ ከገበያተኛ ጋር በእግሬ ወረድኩ። መስቀል ሊደርስ ነውና በቆሎው ከሰው ቁመት በልጧል። መንደር ብዬ የጠበቅኩት ነገር አንዱ ከአንዱ የማይተያይ የሳር ጎጆ ሆኖ አገኘሁት። ገና እግሬን ሳልታጠብ ቢንቢው ከበበኝ።

ፀሐይ ስትጠልቅ አንድ ረጅም ሰው ኩይሳ ላይ ወጥተው ሲጣሩ ሰማሁ። ሽፍታ የመጣ መስሎኝ ከበሩ ኋላ ተሸጎጥኩ።

«የሸምሱ ቤት!»

«አለን!»

«የተክሌ ቤት!»

«አለን፣ ጋሼ!» አለች አስካለ፣ ልጇን እንደታቀፈች ከደጃፍ ሆና።

«እንግዳሽስ?»

«እዚሁ ናት።»

«ከራሷ አፍ ልስማው።»

አፌን ብከፍትም ድምፅ አልወጣኝም። እሳቸው ግን ከኩይሳው ንቅንቅ አላሉም። በመጨረሻ እንደ ጫጩት በቀጠነ ድምፅ «አለሁ» አልኩ።

«እንኳን ደህና መጣሽ፣ ልጄ» ብለው ወደሚቀጥለው ቤት አለፉ።

ምክንያቱን አስካለ ነገረችኝ። በሰፈራው የመጀመሪያ ዓመት፣ መስቀል ሰሞን፣ አንድ ጎጆ ተዘግቶ ሰነበተ። ጉራጌ ለመስቀል አገሩ መግባቱ አይቀርምና ሰዉ ሁሉ «ለበዓል ወጥተዋል» ብሎ አለፈ። በሩን በመጨረሻ የከፈቱት ጋሼ ነስሩ ናቸው። ባልና ሚስቱ ወባ ጥሏቸው፣ ውሃ የሚያቀብላቸው አጥተው፣ ውስጥ ሞተው ተገኙ። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ሳይጣሩ የሚመሽበት ቀን የለም፤ ወደ አገሩ የሚወጣም ሳይነግራቸው አይወጣም። ይህን ከሰማሁ በኋላ በር ዘግቶ መተኛት አስፈራኝ፤ ከፍቼ እንዳልተኛ ደግሞ ጅቡ አለ።

ቀን በርበሬ ማሳቸው ውስጥ ጎንበስ ብለው ሲያርሙ ብታዩአቸው ዝምተኛ ነበሩ። የታመመ ቤት ካለ የራሳቸውን ትተው የእሱን ማሳ ያርማሉ። ሊያመሰግናቸው ለመጣ ሰው «ነገ አንተ ትጠራኝ የለ?» ይሉታል።

ተክሌ የመስቀል በሬ ሊገዛ ቡታጅራ በወጣበት ቀን አስካለ ራሷን ሲያማት ዋለ። አመሻሽ ላይ ወተት እንዳመጣላት ወደ ጋሼ ነስሩ ቤት ላከችኝ። እዚያ ሳለሁ እሳቸው ኩይሳው ላይ ወጡ።

«የተክሌ ቤት!»

መልስ የለም።

«የተክሌ ቤት!»

የሚሰማው የበቆሎው መንሿሿት ብቻ ነው። ጎረቤታቸው ወልዴ «ለመስቀል ወጥታ ይሆናላ» አለ። አልወጣችም ልል ስል ጋሼ ነስሩ ቀደሙኝ።

«ያኔም እንዲህ ነበር ያልነው» አሉና ዘለው ወረዱ።

በበቆሎው መሃል ስንሮጥ ክንዴን ይዘውኝ ነበር። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ፍርሃት የማያውቁ ሰው መስለውኝ ነበርና ይሄ ከጨለማውም በላይ አስደነገጠኝ።

«ጋሼ፣ ፈርተዋል እንዴ?»

«ፈርቻለሁ እንጂ! ያን በር የከፈተ ሰው እንዴት አይፈራም? የፈራ ሰው መሮጡ አይቀርም፤ ነገሩ ወዴት ይሮጣል ነው።»

የአስካለ በር ገርበብ ብሏል። «ቢስሚላህ» ብለው ገፉት። አስካለ መደቡ ሥር ወድቃለች፤ ሰውነቷ እሳት ሆኗል፤ ሕፃኑ ደረቷ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። ዓይኗ ቢከፈትም አላወቀችንም።

ወንዶቹ በቃሬዛ አድርገው በዚያ ጭቃ ወደ ቡታጅራ ሐኪም ቤት ተሸከሟት። እኔ ሕፃኑን ታቅፌ እከተላለሁ። ጋሼ ነስሩ ከራስጌዋ ሳይለዩ መንገዱን ሁሉ «አስካለ!» ይሏታል፤ «አለሁ» ትላለች። ድምፅዋ እየሰለለ ሄደ። አንዴ ሳትመልስ ቀረች። ተሸካሚዎቹ ቆሙ። ሁለት እጄ ሕፃኑን ይዟልና ጆሮዬን መድፈን አልቻልኩም፤ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሳቸው ጎንበስ ብለው ጠሯት፣ ደግመው ጠሯት፣ ለመኗት። እህቴን የቀበርኳት ያህል ከተሰማኝ በኋላ ነው «አለች፤ ሂዱ!» ሲሉ የሰማሁት።

አስካለ ዳነች፤ እናታችን ዘንድም አገገመች። እናቴ «ሁለተኛ አትወርጅም» ብላ ብትገዘትም፣ እሷ ስትጠነክር ልጇን አዝላ ተመለሰች። «እዚህ ብታመም ማን ይጠራኛል?» አለቻት።

ዘመን አለፈ። ጃንሆይም ወረዱ፣ የሳሩ ጎጆ በቆርቆሮ ተተካ፣ በየኪሱ ስልክ ገባ። ወጣቶቹ ይስቁባቸው ነበር አሉ፤ ጋሼ ነስሩ ግን ኩይሳው ላይ መውጣት ሲያቅታቸው ሥሩ ቆመው ይጣሩ ነበር። በሞቱበት ቀን ፀሐይ ጠለቀች፤ ጥሪው ግን አልመጣም። ሰዉ በየደጃፉ ቆሞ ስሙ እስኪጠራ ጠበቀ። ከዚያ ማንም ማንንም ሳያማክር ሁሉም ወደ እሳቸው ቤት ሮጠ። የሳቁባቸው ወጣቶችም ሮጡ። መስገጃቸው ላይ አገኟቸው፤ ገና ገላቸው አልቀዘቀዘም ነበር።

ጋሼ ነስሩ፣ አላህ ከደጋጎቹ ጋር ያኑርዎ። እኔ ዛሬም ፈሪ ነኝ፤ በስተርጅናም ሲመሽ ልቤ ይርዳል። ወዴት እንደምሮጥ ግን ከእርስዎ ተምሬያለሁ፤ የጎረቤቴ በር ተዘግቶ ከዋለ ሄጄ አንኳኳለሁ፣ ይሳቁብኝ። ያን ማታ ከራሴ አፍ ሳይሰሙ አልወርድም ብለው ኩይሳው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። አሁንም የሆነ ቦታ ቆመው የሚጠብቁ ከሆነ ይውረዱ፣ ይረፉ። የተክሌ ቤት አለ። እንግዳዋም አለሁ።