በባዶ ሳጥን ላይ የወረደ ሙሾ

ተሻለች አሰላ ገበያ ገብስ ትቸረችራለች፤ ሰው ይበልጥ የሚያውቃት ግን ለቅሶ ቤት ነው። እሷ ሙሾ ስታወርድ የማያለቅስ የለም ይባላል።

ከአዲስ አበባ የመጡ ፊልም ሠሪዎች በጭላሎ ግርጌ አስፈሪ ፊልም ሲቀርጹ፣ ቀብር የሚያጅብላቸው የሰፈር ሰው ፈለጉ። ተሻለችም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሄደች። ነገሩ ግን አልሆነም፤ ሳጥኑ ባዶ ነው፣ አብረዋት የሚያለቅሱትን ሴቶች ሳቅ ያመልጣቸዋል፣ የእሷም ለቅሶ እንጨት እንጨት አለ። ዳይሬክተሩ ደጋግሞ አስቆመ። በመጨረሻ ኤፍራታ የምትባል ረዳቱ ጠጋ ብላ፣ የራሷን ሰው አስባ እንድታለቅስ በትሕትና ለመነቻት።

ያኔ ወንድሟ በዛብህ መጣባት። ኮምባይነር ነጂ ነበር፤ ኢተያ አዝመራ ላይ ሳለ ታሞ ከሞተ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። በቀብሩ ዕለት ያወረደችለት ሙሾ ሳታስበው ከአፏ ወጣ፦

የኢተያ ስንዴ ደርሶ ተዘናፈለ፣
አጫጁ በዛብህ አፈር ለብሶ ዋለ።

ሳቁ ጠፋ። ካሜራ የያዘው ሰው ሳይቀር ዐይኑን ጠረገ። ዳይሬክተሩ ትከሻዋን ሲስማት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አላት። ከዚያ በኋላ ፊልሙ ውስጥ ምን እንደሚሆን የነገራት የለም፤ እሷም አልጠየቀችም።

ፊልሙ አሰላ ሲታይ የበዛብህን ሚስት ትንቢትን ይዛ ሄደች። ስለ ሙሾው አልነገረቻትም፤ በድንገት ሰምታ ደስ እንዲላት ፈልጋ ነበር። በሙሾው የባሏ ስም ሲጠራ ትንቢት እጇን ጥብቅ አድርጋ ያዘቻት። ወዲያው ሳጥኑ ከውስጥ ተንኳኳ፣ ክዳኑ ተከፈተ፣ ፊቱ የበሰበሰ ሬሳ ተነሥቶ አልቃሾቹን ያንቅ ጀመር። አዳራሹ ጮኸ፤ ከጩኸቱ ቀጥሎም ሳቀ። ትንቢት እጇን ለቀቀች።

በማግስቱ ተሻለች ይቅርታ ልትጠይቃት ሄደች። ትንቢት አልተቆጣችም።

“እትዬ፣ እሱን ሳስብ የምሰማው ያን ሙሾ ነበር” አለቻት። “አሁን ግን ሙሾው ሲመጣብኝ ያ ፊት አብሮ ይመጣል።”

ተሻለች ኤፍራታ ጋ ደውላ ያ ቦታ እንዲቆረጥ ለመነች። ልጅቱ ከልቧ አዘነች፤ ፊልሙ ግን በየሰዉ ስልክ ገብቷል። የሰፈር ልጆችም “በዛብህ መጣ” እየተባባሉ ይሯሯጣሉ።

ተሻለችና ትንቢት አልተቆራረጡም። በዓል ሲሆን ይጠያየቃሉ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገብስ ዋጋ ያወራሉ። በዛብህን ግን ማንኛቸውም አያነሡም። ተሻለችን የሚያንገበግባት ይኸው ነው። ወንድሟን እንደ ትንቢት የሚያውቅ ሌላ ሰው የላትም፤ እሷ ፊት ደግሞ ስሙን ለመጥራት አፏ አይደፍርም።