ቅርስ የተባለው ግድግዳ

አደጋው የታየኝ አራሷ ልጄ ከተኛችበት መደብ በላይ ግድግዳው እንደ እርጉዝ ሆድ ተነፍቶ ሳየው ነው። በመዳፌ ጫን ባደርገው ከልስኑ ጀርባ ጭቃው ሲንሸራተት ተሰማኝ። እጄን ሰበሰብኩ። ለልጄ ምንም አልነገርኳት፤ እያጠባች ነበር።

ቤቱ የሟቹ ባሌ አያት አሶሳ ላይ በጭቃና በቀርከሃ የሠሩት ነው። ከአማቴ ጋር እዚያው ነው የምንኖረው። የከተማው የድሮ ቤቶች ይጠበቁ ሲባል የኛም ቅርስ ተባለ፤ ደስ ብሎን ነበር። የጥበቃው ፕላን በጭቃ የተሠራ በጭቃ ይጠገን ይላል ብለው የከተማው ሰዎች በስብሰባ አንብበውልናል። በኋላ ግን ቤቶቹን የሚጎበኙ እንግዶች ይመጣሉ ተባለና ጭቃው እስኪደርቅ ማን ይጠብቅ፤ በሲሚንቶ ለስነው ጭቃ የሚመስል ቀለም ቀቡት። ለእንግዶቹ አማረ። ክረምት ሲገባ ከጣሪያው የወረደው ውሃ መውጫ አጥቶ ግድግዳውን ከውስጥ አበሰበሰው።

እኔ ቀርከሃ ቆርጬ ደገፍኩት። የቅርሱን ጥገና የሚከታተለው ባለሙያ መጥቶ ድጋፉን አስነሳኝ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ፈቃድ የሚሰጡት ኃላፊ መስክ ወጥተዋል አለኝ።

«እናቴ፣ ያለ ፈቃድ ቅርስ ላይ ምንም አይደገፍም።»

«ቅርሱ ልጄ ላይ ሲደገፍስ ማን ነው የሚፈቅደው?» አልኩት።

ቀርከሃውን ደጅ ደርድሮ ሄደ።

እንውጣ ብል አማቴ እምቢ አሉ። አራስ አርባ ቀኗ ሳይሞላ ደጅ ከወጣች ሸይጣን ይይዛታል፣ ሕፃኑም አይድንም ነው የሚሉት። እኔም ይህን እፈራለሁ፤ በዚህ እምነት ነው ያደግኩት። ቀን ግድግዳውን ሳይ፣ ደመናውን ሳይ እውላለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። የጭቃ ፍርፋሪ የሕፃኑ ብርድ ልብስ ላይ ጠብ ጠብ አለ። አማቴም አዩት። ከፍራሹ ሥር አራሷን ከሸይጣን መጠበቂያ ያስቀመጡትን ቢላዋ መዘዙና ልጄን በጋቢያቸው ሸፈኗት።

«ብረት ይዘናል» አሉ። «ተነሺ፣ ልጄ።»

እኔ ሕፃኑን አቀፍኩ፤ እሳቸው ቢላዋውን ይዘው ከኋላ። መንገዱን ተሻግረን ጎረቤት ደጃፍ ስንደርስ ግድግዳው ሲደረመስ ሰማን። መደቡ አሁን ከፍርስራሹ ሥር ነው፣ አይታይም።

የተጠጋንባት ቤት ቆርቆሮ ናት፣ ዝናብ ሲመታት መነጋገር አይቻልም። ቅርስ የሚላት የለም። ልጄ ተኝታለች፣ ሕፃኑም አጠገቧ። ደህና ነን።