ሳጥኖችና ቀስቶች

ባለፈው ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው ነገሩ የተቀሰቀሰብኝ። የወንድሜ ልጅ ሩት ከአዲስ አበባ መጥታ፣ አዳማ ቤቴ በረንዳ ላይ ፓፓያ እየበላን ነበር። ኮምፒውተሯን ወደ እኔ አዞረችው።

«አክስቴ፣ ሥራችን አሁን እንዲህ ሆኗል። መጀመሪያ ሥዕሉን እንሥላለን፤ ፕሮግራሙን ማሽኑ ራሱ ከሥዕሉ ያወጣዋል። መሣሪያዎቻችን ሁሉ የሚያነቡት ይህችኑ አንድ ሥዕል ነው።»

ሳጥኖች ነበሩ፤ ከሳጥን ወደ ሳጥን የሚሄዱ ቀስቶች። በየሳጥኑ ውስጥ አንዳንድ ፊደል። ፓፓያዬን ሳህኑ ላይ መለስኩት።

በደርግ ጊዜ፣ ከዩኒቨርሲቲ በሒሳብ እንደተመረቅሁ፣ ከናዝሬት ወጣ ብሎ በሚገኝ የስኳር እርሻ ተመደብኩ። ኮምፒውተሩ ቁም ሳጥን ያህላል፤ የሚመገበው የተበሳ ካርድ ነው። ጣጣችን አንድ ነበር። አንዱን አገዳ ቆራጭ ሚዛን ቤት በአንድ ቁጥር ያውቀዋል፣ ደሞዝ ክፍል በሌላ፣ ክሊኒኩ ደግሞ በሌላ። ለየብቻ የተጻፉት ፕሮግራሞች አይነጋገሩም፤ አንዱን ስናርም ሌላው ይበላሻል።

እኔ ዓይን አፋር ነኝ። ስብሰባ ላይ ተነሥቼ መናገር ስለማልችል ሐሳቤን ሣልኩት፤ ሁሉም ፕሮግራሞች የሚቀዱበት አንድ ሥዕል። ለማሳጠር ሚዛን ቤትን «ሚ»፣ ደሞዝን «ደ»፣ ክሊኒኩን «ክ» አልኳቸው። ከግርጌውም እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «እያንዳንዱ የሚቀጥለውን ብቻ ይወቅ። አንዱ ቢበላሽ ሌሎቹ ይትረፉ።» ጥሩ አሠራር ነው፤ ዛሬም እንዲያ ነው የሚሠራው።

አንድ ረቡዕ ከሰዓት የእርሻው ካድሬ ጓድ ታምራት ገባ። በዕድሜ ከእኔ እምብዛም አይበልጥም፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በየክፍሉ ይዞራል። ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የሥራ... የሥራ ሥዕል ነው፣ ጓድ።»

የግርጌውን ጮክ ብሎ አነበበው። የጻፍኩትን እኔም ገና ያኔ የሰማሁት መሰለኝ። የኅቡዕ ድርጅት ሰዎች የሚደራጁት ልክ እንዲህ እንደሆነ፣ አንዱ ቢያዝ ሌሎቹን እንዳያወጣ ከአንድ ሰው በላይ እንደማያውቅ፣ በከተማው የማይሰማ አልነበረም።

«ደስ የሚል ነው። ‹ክ› ማን ነው?»

«ሰው አይደለም፤ ክሊኒክ ነው።»

«‹ደ›ስ?»

ዓይኑ ካርድ ወደምትበሳው ወደ ደስታ ሄደ። ቀኑን ሙሉ የምታስቀን ልጅ ናት። መብሳቷን አቆመች።

«ደሞዝ» አልኩ፤ እሱ ግን ዓይኑን ከደስታ ላይ አላነሣም።

«ነገ ጠዋት እመጣለሁ። እውነት የማሽን ነገር ከሆነ ማሽኑ ይንገረኝ። ካልሆነ አንቺ ትነግሪኛለሽ፤ እዚህ ግን አይደለም።» ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

በሠራተኛው አውቶቡስ ስንመለስ እርሻው እየተቃጠለ ነበር። ለቆረጣ የሚለበለበው የአገዳ ቅጠል አመድ በመስኮት እየገባ ቀሚሳችን ላይ ያርፋል። ደስታ ጆሮዬ ሥር ተጠግታ፣ «አንቺ ልጅ፣ ‹ዘ› ብትዪው ምን ነበረበት? ዘበኛውን ዘለቀን ወስደውልን ባረፍን» አለችኝ። ልትስቅ ሞከረች። ከዚያ እጄን ያዘችው።

የቤት አከራዬ አዴ ጫልቱ ፊቴን አይታ ነገሩን አወጣጣችኝ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ በማለዳ ቡልቡላ እህቴ ዘንድ ሂጂ። እዚያ ማን ያውቅሻል?» ለመንገዴ የገብስ ጭኮ በቅቤ ለውሳ ቋጠረችልኝ።

ሲነጋ መናኸሪያ ነበርኩ። ረዳቱ «ሞጆ! ዝዋይ! ቡልቡላ!» እያለ ይጣራል። አንድ እግሬን መወጣጫው ላይ አሳረፍኩ። «ግቢ እንጂ እህቴ፣ በር ላይ ልታድሪ ነው?» አለኝ። እኔ ብሄድ «ደ» እዚያው እንደምትቀር ያን ጊዜ ታየኝ። መሸሼን ሲሰሙ ሥዕሉን የሚያስረዳ አይኖርም፤ ሳጥኖቹ ሰዎች ይሆናሉ። ወረድኩ። ወደ እርሻው አውቶቡስ ሄድኩ።

ማንም ሳይገባ ሥዕሉን በጥቁር ሰሌዳው ላይ እንደገና ሣልኩት፤ በትልቁ፣ በሙሉ ስም። ጓድ ታምራት ጠመንጃ ከያዘ ጥበቃ ጋር መጣ።

«ጓድ» አልኩ፣ «እርስዎ ራስዎ ሥዕሉ ላይ አንድ ነገር ይቀይሩ፤ የማሽን ነገር ከሆነ ሦስቱም ክፍል አብሮ ይቀየራል።»

ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር አነበበና፣ «ከቁጥሩ ስሙ ይቅደም» አለ። ሰሌዳው ላይ አስተካከልኩት። ከሰሌዳው እያነበብኩ ደስታ ካርዶቹን በሳች፤ ማሽኑ እየተንገጫገጨ ዋጣቸው። ከዚያ ወረቀቱ መውጣት ጀመረ። ሚዛን ቤት፣ ስም ቀድሞ። ደሞዝ፣ ስም ቀድሞ። ክሊኒክ፣ ስም ቀድሞ።

«ከአንድ ሥዕል?» አለ።

«ከአንድ ሥዕል።»

ጥበቃውን አስከትሎ ወጣ። ደስታ ማሽኗ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

ወረቀቴን ግን አልመለሰልኝም። ደርግ እስኪወድቅ ድረስ በር በተንኳኳ ቁጥር ያ ወረቀት የመጣ ይመስለኝ ነበር። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ እኔ ግን ለዓመታት ሌላ ሥዕል አልሣልኩም። ፍርሃት የሚወስደው እንዲህ ያለውን ነው፤ ሊሠራ የነበረውን።

እሑድ ጠዋት ሩት ሻንጣዋን ስታዘጋጅ ኮምፒውተሯን አስከፈትኳት።

«በየሳጥኑ ሙሉ ስም ጻፊ።»

«አክስቴ፣ ማሽኑ እኮ በፊደሉም ይገባዋል።»

«ማሽኑማ ይገባዋል» አልኳት፤ የመጨረሻውን ሳጥን እስክትጽፍ ድረስም ከአጠገቧ አልተነሣሁም።