ዴልማር ኩዚክ የጻፋት ስህተት

በኬትልሪጅ ከተማ የቤዝቦል ክርክር ሲነሳ የሚዘጋው ዴልማር ኩዚክ ነው። ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው። መነጽሩን ያስቀመጠበትን ይረሳል፣ የልጅ ልጆቹን ስም ያቀያይራል። በ1971 ሐምሌ ወር ለእንጨት ቆራጮቹ ሦስተኛ ሆኖ የሚመታው ማን እንደነበር ጠይቁት ግን፣ ስሙን ከነጫማ ቁጥሩ ይነግራችኋል። እንጨት ቆራጮቹ የከተማው ቡድን ናቸው፤ ነበሩ ማለት ይሻላል፣ ከፈረሱ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ዴልማር ቀን ቀን ሚስማርና ቀለም ሲሸጥ፣ ጨዋታ ባለ ቁጥር ደግሞ ከሜዳው በላይ ባለችው የጣውላ ጎጆ ተቀምጦ ሲመዘግብ ሃያ ስድስት ዓመት ኖረ።

ደጋፊ የሚሳደበው ዳኛውን ነው፤ ተጫዋች የሚፈራው ግን መዝጋቢውን ነው። የተመታችውን ኳስ ተከላካዩ ካልያዛት ከሁለት አንዱ ይጻፋል። ልትያዝ የማትችል ከነበረች «ምት» ተብሎ ለመቺው ይቆጠርለታል፤ መያዝ ሲገባው ካመለጠችው «ስህተት» ተብሎ በተከላካዩ ስም ይሰፍርበታል። የሚወስነው ብዕሩን የያዘው ሰው ብቻ ነው። ሐሳቡን ለመቀየር አንድ ቀን አለው፤ ቀኑ ካለፈ የጻፈው እንደተጻፈ ይቀራል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል።

በየዓመቱ መጋቢት መጨረሻ ላይ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ በጎ ፈቃደኛ የእሳት አደጋ ሠራተኞች በአዳራሻቸው የፓንኬክ ቁርስ ያበላሉ። ሆድ ከሞላ በኋላ ጥያቄና መልስ አለ። ጠያቂው ጡረታ የወጣው ፀጉር አስተካካይ ቨርን ቶሊቨር ነው፤ የከተማውን ወንድ ሁሉ ጭንቅላት ከውጭ የሚያውቀው ቨርን፣ በዚያች ቀን ውስጡን ይፈትሻል። በ2019ም እንደ ልማዱ ወንበር ላይ ቆመ።

«ፍየል ይዞ ልምምድ የሚመጣው ማን ነበር?»

«ቦ ሃንከርሰን!» አለ ግማሹ አዳራሽ።

«እሱንማ ሕፃንም ያውቀዋል። የፍየሏ ስም?»

ሁሉም ወደ ዴልማር ዞረ። «ዶሎረስ» አለ ዴልማር፣ አፉ በፓንኬክ እንደተሞላ። «ጓንቱን የበላችበት ቀን ቦ በባዶ እጁ ተጫውቶ ሁለት ኳስ ይዟል።»

«ይኸው! የሚስቱን የልደት ቀን ጠይቁልኝ፣ እሱን ያውቅ እንደሆነ» አለ ቨርን።

ከዚያ ወሬው ወደ ስኪተር ዶብስ ዞረ፤ መዞሩ አይቀርም። ስኪተር በአንድ እግሩ ቀይ በሌላው ሰማያዊ ካልሲ የሚያደርግ፣ ከጨዋታ በፊት አንድ ቆርቆሮ ሳርዲን ሙልጭ አድርጎ የሚበላ፣ ኳሷን ከመወርወሩ በፊት ጆሮ ያላት ይመስል የሚያንሾካሹክላት ወርዋሪ ነበር። በሰኔ 1974 አንድም ሰው ምት ሳይመታበት አንድ ሙሉ ጨዋታ ጨረሰ። በከተማዋ ታሪክ እንዲህ ያለ ጨዋታ እሱ ብቻ ነው፤ ወደ ከተማዋ ሲገባ ባለው ሰሌዳ ላይም ተጽፏል። ስኪተር ሞተ፣ ቡድኑ ፈረሰ፣ የጣውላ ፋብሪካው ተዘጋ፤ ኬትልሪጅ የቀራት ያ ጨዋታ ነው።

የቨርን የመጨረሻ ጥያቄ በየዓመቱ አንድ ነው። «በዚያ ጨዋታ አንዷን ስህተት የሠራው ማን ነው?»

«ሳሙናው!» ኳስ ከእጁ ታሟልጫለች ብለው ያወጡለት ስም ነው። ጠረጴዛ ተደበደበ፣ ሹካ ወደቀ። ዴልማር ይህችን ጥያቄ መልሶ አያውቅም። በየዓመቱ በዚች ሰዓት ፓንኬኩ ላይ ሽሮፕ መቅዳት ይጀምራል።

ዘንድሮ ግን በሩ አጠገብ የቆመ ጸጉረ ነጭ ሰው ቆቡን በእጁ እንደያዘ «እኔ ነኝ» አለ። «ሳሙናው እኔ ነኝ።»

አዳራሹ ወዲያው ሁካታ ሆነ። ቨርን ከወንበሩ ወርዶ አቀፈው፤ ሌላው ሳህን ሞላለት። ኢላሪዮ ካስቲዮ ነበር፤ ከዶሚኒካን መጥቶ በሃያ ሁለት ዓመቱ ለእንጨት ቆራጮቹ በሁለተኛውና በሦስተኛው ማዕዘን መካከል ይከላከል የነበረው። አሁን ሦስት ሰዓት መንገድ ርቆ ባለ ከተማ የተማሪ አውቶቡስ ይነዳል፤ የቁርሱን ማስታወቂያ አይቶ መጣ። ያስቀመጡትም ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል ዴልማር አጠገብ ነው።

«ሚስተር ኩዚክ» አለና እጁን ዘረጋ። «ምንም አልተለወጡም እኮ።»

ዴልማር ጨበጠውና ወደ ሽሮፑ ተመለሰ።

«ንግግር! ሳሙናው ንግግር ያድርግ!» አሉ።

ኢላሪዮ ተነሣ። «ስትስቁብኝ ከሩቅ ከምሰማ ቀርቤ አብሬ ልሳቅ ብዬ ነው የመጣሁት» አለ፤ ሳቁለት። «አርባ አምስት ዓመት ያቺን ኳስ በሕልሜ አይቻታለሁ። ጉልበቴን ዝቅ ማድረግ ነበረብኝ፤ አላደረግኩም። ጥፋቱ የኔ ነው። ደግነቱ የስኪተርን ቀን አላበላሸሁበትም።»

አጨበጨቡለት። ዴልማር መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

ስለ ጉልበት የሚያወራው ይህ ሰው በ1974 የሚያወራው ስለ ድንጋይ ነበር። በመጨረሻው፣ በዘጠነኛው ዙር ላይ፣ ጨዋታው ሊያልቅ የሚወጡ ሁለት መቺዎች ብቻ ሲቀሩ፣ የተመታችው ኳስ መሬት ለመሬት መጣች። ኢላሪዮ ጉልበቱን አጥፎ፣ ጓንቱን ከፍቶ፣ እንደ ደንቡ ጠበቃት። ጠጠር አገኛትና በትከሻው ላይ ዘለለች። ማንም አይይዛትም ነበር። ዴልማር አይቷል። ብዕሩም «ምት» ሊጽፍ ወረቀቱን ነክቶ ነበር። ቀና ሲል ግን ሁለት ሺህ ሰው ፊቱን ወደ ጎጆዋ አዙሯል፤ ስኪተርም ወገቡን ይዞ ያየዋል፤ የሰሌዳው ሠራተኛ የሱን ጣት ይጠብቃል። ዴልማር ያኔ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ሚስማር ፈልጎ ካልሆነ በስተቀር ሰው ጠብቆት አያውቅም። ምት ካለ የሁሉም ቀን ይበላሻል። ጣቱን ለስህተት አነሣ። ሜዳው በጩኸት ተናወጠ። ጨዋታው ሲያልቅ ስኪተር ጎጆዋ ድረስ ወጥቶ ግንባሩን ሳመው፤ ዴልማርም ደስ አለው። ለሚስቱ እንኳ ያልተናገረው ይህን ነው፤ መዋሸቱን ብቻ ሳይሆን መደሰቱን።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሐሳብ መቀየሪያው ቀን ሳያልፍ፣ ኢላሪዮ ሱቁ መጣ። ቋንቋው ገና ስላልገባው በእጁ ኳስ ሠራ፣ ጠጠር ሠራ፣ ትከሻውን ነካ። «ሚስተር ኩዚክ፣ ድንጋይ። አይተዋል አይደል?» ዴልማር መደርደሪያ እያስተካከለ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ «ያየሁትን ጽፌያለሁ» አለው። ልጁ ባዶ እጁን መውጣት አፍሮ የማያስፈልገውን የቀለም ብሩሽ ገዝቶ ሄደ። የሚስቁበት ያኔውኑ ጀመሩ፤ ኳስ በመጣች ቁጥር እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ በሦስተኛው ሳምንት ቡድኑ አሰናበተው። ዴልማር «የተሰናበተው መምታት ስለማይችል ነው» ብሎ ለራሱ ነገረው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

አሁን ያ ልጅ ሸምግሎ አጠገቡ ተቀምጧል፤ የገዛ ዓይኑን ትቶ የዴልማርን ወረቀት አምኗል። ዴልማር እንዴት እንደተነሣ አያውቀውም፤ ወንበሩ ሲንሸራተት ብቻ ሰማ።

«ምት ነበር» አለ።

«ምኑ?» አለ ቨርን።

«የኢላሪዮ ኳስ። ጠጠር ነው ያዘለላት። እያየሁ ነው ስህተት ብዬ የጻፍኩት። ስኪተር ያን ጨዋታ ምት ሳይመታበት አልጨረሰም።»

ቨርን ዓይኑን በመሐረብ ጠረገ። «ሰው ማለት ይህ ነው» አለ። «እንግዳው እንዳይከፋው ጥፋቱን በራሱ ላይ ወሰደው።» ጭብጨባ ተነሣ።

«ቨርን፣ እውነቴን ነው።»

«ይሁንልህ፣ ወንድሜ። መጽሐፉ ግን ስህተት ይላል፤ የጻፍከውም አንተ ነህ። አንተ ደግሞ ተሳስተህ አታውቅም።»

አንዱ ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገው፤ ሌላው ቡና ጨመረለት። ዴልማር በሕይወቱ ብዙ ጊዜ አፍሯል፤ ስለ ደግነቱ ሲጨበጨብለት እንዳፈረው ግን አፍሮ አያውቅም። ቁጭ አለና አንገቱን ደፋ።

ኢላሪዮ ብቻ አላጨበጨበም። ሁካታው ወደ ሌላ ወሬ እስኪዞር ጠበቀና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሱቅ የመጣሁ ዕለት ታውቅ ነበር?» አለው። እርስዎ ማለቱን ትቷል።

«አውቅ ነበር።»

«ጉልበቴስ?»

«ዝቅ ብሏል። ደህና አድርገህ ነበር የቆምከው።»

ኢላሪዮ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ የሌላ ሰው ይመስል አያቸው። «ዋስካር የሚባል ልጅ አለኝ» አለ። «በአሥራ ስድስት ዓመቱ እኔ በሃያ ሁለቴ ከነበርኩት በጨዋታ ይበልጥ ነበር። የትልልቅ ቡድን መልማዮች ቤቴ ድረስ መጡ። እምቢ አልኩ። የኛ ዘር እጅ ያንሸራትታል፣ መሳቂያ ትሆናለህ ብዬ ጓንቱን ቀማሁት። ለሁለት ዓመት አላናገረኝም። ዛሬ አርባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ያን ነገር እስካሁን አያነሣብኝም፤ እኔም አላነሣበትም።»

«ይቅር በለኝ» አለ ዴልማር። ቃሉ ለራሱም ቀለለበት።

«እኔን ተወኝ።» ኢላሪዮ ስልኩን ከኪሱ አወጣ፤ የልጁን ቁጥር ተጭኖ ዘረጋለት። «እነዚህ አላመኑህም። እሱ ያምንሃል፤ ሲያምንህ ምን እንደሚልህ ደግሞ አላውቅም።»

ዴልማር ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ጆሮው ላይ አደረገ። ቨርን ከወንበሩ ላይ ስለ ፍየሏ አዲስ ቀልድ ጀምሯል። በስልኩ ውስጥ የጎልማሳ ድምፅ «አባዬ? ደህና ነህ?» አለ።

«አባትህ አይደለሁም» አለ ዴልማር። «አባትህ አልሳተም ነበር።»