የሸክላ ሠሪዋ ገበታ

በእኛ ሰፈር ሸክላ ሠሪ ይፈራል። ከጥርባ በላይ ያለው ቀበሌ ሁሉ ወጡን የሚሠራው በእነሱ ድስት፣ ጠላውን የሚጠምቀው በእነሱ ጋን ነው፤ ከእጃቸው ግን አይቀምስም። ቡዳ ናቸው፣ በዓይናቸው ሰው ይበላሉ ይባላል። እኔም ይህን ከእናቴ ጡት ጋር ጠብቼዋለሁ። ማንበብ የተማርኩት ጎልምሼ፣ የልጅ አባት ሆኜ ነው። ወንጌሉን በራሴ ዓይን ካነበብኩ በኋላም ድስት ልገዛ ስሄድ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ነበር። ፊደል ፍርሃት አያስለቅቅም።

ጎረቤቶቼ ሸክላ ሠሪ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ሁለቱም አርጅተዋል። እኔ ከሰል አክሳይ ነኝ፤ አንድ ቀን በአፈር ሸፍኜ የማከስለው የእንጨት ክምር አፈሩ ተደርምሶ ነበልባል ሲወጣው፣ ሌላው ቆሞ ሲያይ፣ ሽማግሌው አካፋ ይዘው ሮጠው መጡና ከእኔ ጋር አፈር ሲያለብሱ ዋሉ። የስንት ዓመት ግራሬ አመድ ከመሆን ተረፈ። ሚስቴ ውኃ የጠጡበትን ጣሳ ከአጥር ውጭ ወረወረችው።

ሽማግሌው ሞቱ። ዐርባቸው የዋለው በበዓለ ኀምሳ ነበር። ባልቴቷ ቤት ለቤት ዞረው ለተዝካሩ ጠሩ፤ እምቢ ያላቸው የለም። በቀኑ ቄሱ መጥተው ጸሎቱን አደረሱና፣ ወደ ገበታ ቢሏቸው ዛሬ ጾመኛ ነኝ አሉ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ጾም እንደሌለ ያስተማሩን እኒሁ ቄስ ናቸው። ሌላውም ደጃፍ ላይ ነፍስ ይማር እያለ ተመለሰ። ዳሱ ባዶ፣ እንጀራው በሞሰብ ቀረ። ተዝካሩን ሰው ያልበላለት ደግሞ ሁለት ጊዜ እንደሞተ ነው።

ገብቼ ተቀመጥኩ። ጌታ ከቀራጭ ቤት ገብቶ መብላቱን አውቃለሁ፤ ማወቅና መጉረስ ግን ይለያያል። የመጀመሪያውን ጉርሻ በጠላ አወረድኩት።

"ብላ ልጄ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬልሃለሁ" አሉኝ ባልቴቷ።

"ግዴለም እናቴ፣ ወደዚህ ይዙሩ" አልኳቸው።

ዞሩ። ዓይናቸው የሰው ዓይን ነው። በልቼ ጠግቤ ወጣሁ።

ሳምንት ሳይሞላ የሚጠባው ልጄ ታመመ። ያስቀምጠዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ዓይኑ ጎደጎደ። ሚስቴ በልተህ አመጣህብኝ አለች። ወንድሟም ጎረቤት አስከትሎ፣ ዱላ ይዞ መጣ። ቡዳ ለበላው መድኃኒቱ፣ ቡዳው ራሱ እንትፍ ሲልበት ወይም ከቡዳው ልብስ ተቀዶ ሲታጠን ነው ይባላል። ባልቴቷን እየጎተትን አምጥተን እናስተፋት አለ።

ደፋር ነበርኩ አልልም። እውነት ቢሆንስ እል ነበር። ልጁ ያቃስታል። ሴትዮዋን ላምጣቸው ብል የሚከለክለኝ የለም፣ ያመሰግኑኛል እንጂ። እግሬ ግን ደጃፉን አልለቅ አለ።

"በበላሁበት ቤት ዱላ አይሄድም" አልኩ። "መጀመሪያ እኔን ጎትቱ። ልጁን ሐኪም ቤት እወስደዋለሁ፤ ከሞተም እግዜር ነው የወሰደው።"

"ክርስትናህን በራስህ ሞክረው" አለች ሚስቴ። "በልጄ አትሞክረው።"



ዱላ የያዙት እያጉረመረሙ ሲበተኑ ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትወርክ የለም። አስፋልት ድረስ ሮጬ ባጃጅ አመጣሁ። ሚስቴ ልጁን አቅፋ ከጎኔ ስትቀመጥ ከጋቢው የተቃጠለ ጨርቅ ሸተተኝ። የእኔው የከሰል ልብስ መሰለኝ። ቆሰበር ሐኪም ቤት ግሉኮስ ሰቀሉለት፣ መድኃኒት ሰጡት፣ ውኃው ነው፣ አፍልታችሁ አጠጡት አሉን። ልጁ ተነሣ።

ስንመለስ ሰፈሩ ልጁን ምን እንዳዳነው አውቆ ጨርሷል። ለካ እኔ ወደ አስፋልት ስሮጥ፣ የሚስቴ ወንድም ባልቴቷ አጥር ላይ ካሰጡት ነጠላ ጫፉን ቀዶ አምጥቶ ልጁን አጥነውታል። ግሉኮሱን የሚያነሣው የለም፣ ጸሎቴንም የሚያነሣው የለም። ያዳነው ጭሱ ነው። ቡዳነታቸውም በዚሁ ተረጋገጠ፤ ማስረጃው የእኔው ልጅ ጤንነት ሆነ። እኔም የቡዳ እህል የበላሁ ነኝና፣ በሰንበቴው የማብላት ተራዬ ሲደርስ ሁሉም ሆዴን ቆረጠኝ ይላል። ቄሱ በዚያው ሰሞን ስለ ሰማዕታት ድፍረት አስተማሩ፤ ሕዝቡም አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም።

ባልቴቷ ዘንድ ይቅርታ ልል ሄድኩ። ነጠላቸውን እንደለበሱ ነበር፣ ጫፉ እንደተቀደደ፣ ጥለት የለውም።

"አንተ ተዝካሬን በላህ፤ ቤትህ ነጠላዬን ቀደደ" አሉኝ። "የትኛውን ልመን?"

ሁለቱም ከእኔ ቤት የወጣ ሥራ ነው። ጭቃቸውን ማሸት ጀመሩ። ልሄድ ስነሣ፣ ቀና ሳይሉ ልጁ ተነሣ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ተነሣ አልኳቸው። እግዜር ይመስገን አሉ።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በደጃቸው አልፋለሁ። ሰላም ስላቸው ሰላም ይሉኛል። ግባ ብለውኝ ግን አያውቁም።